የቶብያ ቅጠል አይብ፦ ከሎሜ እስከ ኒኪ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ነሐሴ 19

ፍልሰታ ከተፈታ ሦስተኛ ቀን ነው። ጠዋት ከቦሌ ተነሳሁ፤ ሎሜ ስደርስ በነሱ ሰዓት ገና እኩለ ቀን ነበር። ከኤርፖርቱ ስወጣ የባሕር ወበቅ ተቀበለኝ። የቶጎ ቪዛዬን ቀድሜ ጨርሻለሁ። ቤኒን ደግሞ ለአፍሪካውያን ቪዛ አትጠይቅም፤ ፓስፖርት ይዞ መግባት ብቻ ነው። ይሄ ነገር በሁሉም አገሮቻችን ቢለመድ እንዴት ጥሩ ነበር።

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለአይብ ነው። ለሰው ስናገር ብዙዎች ተገርመዋል። «አይብ እኮ ሾላ ገበያ ሞልቷል» ያለችኝ ጓደኛም አለች። የእኔ ነገር ግን የጀመረው ከአይቡ ሳይሆን ከቅጠሉ ነው።

ያደግኩት መተሐራ ነው። የመተሐራን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ቶብያን ያውቃል፤ ቅምቦ የሚሉትም አሉ። ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል አመድማ አረንጓዴ ነው። ፍሬው እንደ ፊኛ ያበጠ ነው፤ ሲረግጡት ጧ ይላል፣ ውስጡ ሐር የመሰለ ነገር አለ። ቅጠሉን ሲቀነጥሱት ደግሞ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። ያንን ወተት እናቴ እንደ እባብ ነበር የምትፈራው። «ዓይንሽን ያጠፋዋል፣ እንዳትነኪው!» እያለች ነው ያሳደገችን። እውነቷንም ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ከተዋጠ ደግሞ ልብን የሚመርዝ ነገር አለበት።

እና ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ቪዲዮ ላይ አንዲት የፉላኒ ሴት፣ ከምዕራብ አፍሪካ ከብት አርቢዎች አንዷ፣ ያንኑ ቅጠል ወቅጣ ወተት ውስጥ ስትጨምረው አየሁ። ወተቱ ረጋ። አይብ ሆነ። ቪዲዮውን ስንቴ እንደደጋገምኩት አላውቅም። ቅጠሉ ራሱ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም አንድ ነው፣ ካሎትሮፒስ ፕሮሴራ። ያን ቀን «ይህንንማ በዓይኔ ማየት አለብኝ» አልኩ።

ከሎሜ ኮቶኑ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ታክሲ ተጠጋግተን ሄድን። ሂላኮንጂ ላይ ድንበሩን በእግር ተሻግረን ሰዓታችንን አንድ ሰዓት ወደፊት አዞርን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ዳር ዳሩን ኮኮናት ነው። በየጠረጴዛው ላይ ቢጫ ፈሳሽ የተሞላ ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ዘይት መስሎኝ ነበር፣ ከናይጄሪያ የሚገባ ቤንዚን ነው አሉኝ። ዊዳን አልፈን መጣን። በዊዳ ወደብ በኩል ስንት ሕዝብ በባርነት እንደተጫነ ለሚያውቅ ሰው በታክሲ መስኮት አይቶ ማለፍ ይከብዳል። ስመለስ እወርዳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

ኮቶኑ የሞተር ከተማ ናት። ቢጫ ሸሚዝ የለበሱት የሞተር ታክሲዎች ዘሚጃን ይባላሉ፤ በፎን ቋንቋ «ቶሎ ውሰደኝ» ማለት ነው። በአንዱ ተፈናጥጬ ዳንቶክፓ ገበያ ሄድኩ።

ዳንቶክፓ ሐይቁ ዳር የተዘረጋ ትልቅ ገበያ ነው። መርካቶን የለመደ ሰው አይደነግጥም። አይቡን ለማግኘት ግን ብዙ ጠየቅኩ። በመጨረሻ አንዲት ሴት እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ቀይ ነበር። እንደ ጡብ ቀይ፣ ክብ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው፣ በትሪ ላይ ፒራሚድ ሆኖ የተደረደረ። እኔ ነጭ አይብ ስፈልግ ስንቴ አልፌው ኖሯል። ቀዩ ቀለም ከማሽላ እንደሚመጣ ነገሩኝ፤ ስለሱ ቅዳሜ ላይ እጽፋለሁ።

ቤኒን ውስጥ ዋጋሲ ይሉታል። ጋና ላይ ዋጋሺ ይሆናል። ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች ዋራ ይሉታል። ሁሉም ቦታ ግን አይቡን የሚሠሩት በአብዛኛው የፉላኒ ሴቶች ናቸው።

ምሳዬን እዚያው ገበያው አጠገብ ከአንዲት ምግብ ሻጭ በላሁ። ከበቆሎ ዱቄት የተገነፋ፣ ከእኛ ገንፎ ለስለስ ያለ ነገር ነው። በላዩ የቲማቲምና የሚጥሚጣ ዓይነት በርበሬ ወጥ ይፈስበታል። ወጡ ውስጥ በዘይት የተጠበሰ ዋጋሲ። ሥጋ መስሎኝ ነበር የጎረስኩት። ከውጭ ቆዳ አበጅቷል፤ ከውስጥ ለስላሳ ነው፣ ጥርስ ላይ ትንሽ ይንጫጫል። እሳት ላይ ቆይቶም አልቀለጠም። እዚህ ሰው ሥጋ ወይ ዓሣ ሲወደድበት ዋጋሲ ገዝቶ ወጥ ይሠራል። የእኛን አይብ ወጥ ውስጥ ብናፈላው ተበትኖ ይጠፋል፤ ይሄ ቅርጹን ይዞ ወጡን ይጠጣል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21

ሙሉ ቀን አውቶብስ። ከኮቶኑ ፓራኩ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ቆመን ስለነበር የደረስነው ከመሸ ነው። አላዳ አካባቢ አናናስ በመስኮት ገዛሁ። ነጣ ያለ፣ ስኳር የሆነ አናናስ። ዳሳ ስንደርስ ሜዳው መሃል ትልልቅ የድንጋይ ኮረብቶች ብቅ አሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር አየሩ ደረቀ፣ ኮኮናቱ ቀረ፣ ከብት በዛ።

አውቶብሱ በቆመበት ሁሉ ሴቶች ዋጋሲ በትሪ ተሸክመው ይሮጣሉ። ትሪውን ከጭንቅላታቸው ሳያወርዱ ሂሳብ ይመልሳሉ። ረቡዕ ነውና ጾም ነኝ፤ በለውዝና በሙዝ ዋልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ቁራሽ ዋጋሲ ቆርሰው ሲሰጡኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አመሰገንኩ። ጾም መሆኑን በፈረንሳይኛ እንደምንም አስረዳኋቸው። ወዲያው ገባቸው፤ ሙዝ ጨመሩልኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22

ጠዋት ፓራኩ ውስጥ አርዜኬ ገበያን አየሁ። የአገሩ አይብ ከየመንደሩ መጥቶ ወደ ደቡብ የሚጫነው ከዚህ ነው። የፉላኒዎቹን ቋንቋ ፉልፉልዴን፣ ባሪባንና ፈረንሳይኛን የሚናገር አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስተርጓሚ ሆኖልኝ በንዳሊ በኩል ወደ ኒኪ ወጣን። ኒኪ የባሪባዎች የድሮ ንጉሣዊ ከተማ ናት፤ ጋኒ በሚባለው በዓላቸው ፈረሰኛው በንጉሡ ፊት ሲጋልብ ማየት ነው ይላሉ። እኛ ግን ከከተማው ሳንደርስ ወደ ፉላኒ መንደር ተገነጠልን።

የተቀበሉን እናት ስማቸውን አልጽፍም። መንደሩ ሁሉ ኢና ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው፣ እኔም ኢና አልኳቸው። ስልሳውን ያለፉ ይመስለኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። «ፎፎ» ብለው ሰላም አሉኝ። ከዚያ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ከብታችን ጠየቁ። ከብት የለንም ስል አዝነው ዝም አሉ።

ማታ ከብቶቹ ገቡ። የዚህ አገር ላም ትንሽ ናት፤ ቦርጉ ይሏታል፣ እንደ አካባቢው ስም። ወንድ ልጃቸው ጥጃውን ትንሽ አስጠብቶ ከእግሯ አጠገብ አሰረውና በቅል አለበ። ከአንዷ ላም አንድ ሊትር ቢገኝ ነው። ኢና ቅሎቹን እየተቀበሉ አንድ በአንድ አሸተቱ። አንዱን ለይተው ለልጆቹ እራት አደረጉት። ክረምት ስለሆነ ወተት አለ፤ በጋ ላይ ከብቱ ሣርና ውኃ ፍለጋ ርቆ ሲሄድ አይቡም ይጠፋል፣ ዋጋውም ይሰቀላል።

ዓርብ፣ ነሐሴ 23

ዛሬን ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ የመጣሁበት ቀን ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የማታውና የጠዋቱ ወተት በአንድ የአሉሚኒየም ብረት ድስት ተቀላቀለ። አሥር ሊትር ይሆናል። ሦስት ጉልቻ፣ ትንሽ እሳት። ልብ በሉ፣ ወተቱ አልተናጠም፣ ቅቤው አልወጣለትም፣ አልኮመጠጠም። የእኛ አይብ ከአሬራ ነው የሚሠራው፤ ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን አሞቀን ነው የምናወጣው። ይሄ ግን ከነቅቤው፣ ጣፋጭ ከሆነ ወተት ነው። ስለዚህ ነው ሥጋ ሥጋ የሚለው።

ኢና ከቤቱ ጀርባ ወሰዱኝ። ቶብያ። የመተሐራው ቶብያ ራሱ፣ ያው አመድማ ቅጠል፣ ያው ፊኛ ፍሬ። እነሱ ባማምቢ ይሉታል። ቆሜ ቀረሁ፤ ለአስተርጓሚዬ «ይሄ ተክል እናቴ ቤት አጠገብ አለ» አልኩት። ኢና ሲተረጎምላቸው በመገረም አዩኝ። «ታዲያ እናትሽ በምን ነው አይብ የምትሠራው?» አሉ። አሬራውን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ።

ከአንድ ግንድ ለጋ ቅጠል አይቆርጡም፣ ያረጀውንም አይቆርጡም። መሃከለኛውን አራት ቅጠል ከነአጭር ዘንጉ ቀነጠሱ። የልጅ ልጃቸው ስትጠጋ በአንድ ቃል መለሷት። ቃሉን ባላውቀውም ድምፁን አወቅኩት። የእናቴ ድምፅ ነው።

ቅጠሉን አጥበው በትንሽ ሙቀጫ ወቀጡት። ከዚያ ከሞቀው ወተት አንድ ጭልፋ ቀንሰው ቅሉ ውስጥ አደረጉና የተወቀጠውን በእጃቸው አሹበት። ወተቱ ቀለል ያለ አረንጓዴ ሆነ። በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው፣ ጨርቁን ጠምዝዘው፣ ጭማቂውን ድስቱ ውስጥ ጨመሩ። ጨርቁንና ገለባውን ራቅ ወዳለ ጉድጓድ ጣሉት። ከዚያ እጃቸውን በአመድ አሽተው በውኃ ታጠቡ። እንደገና በአመድ፣ እንደገና በውኃ። እስከ ክርናቸው። እስኪጨርሱ ማንም አላናገራቸውም፣ እሳቸውም ፊታቸውን አልነኩም።

ወተቱ በዚያን ጊዜ ጣት የሚያስገባ ግን የማያስቆይ ሙቀት ላይ ነበር። በእንጨት ማንኪያ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው አዞሩትና ተዉት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን። ማንኪያውን ገልብጠው በጀርባው ላዩን ነካ አደረጉት፤ እንደ እርጎ ተንቀጠቀጠ። ያኔ እንጨት ጨመሩ። ሲፈላ ነጩ ከአጓቱ ተለየ። አጓቱ ጥርት ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚወስደው አረንጓዴ ነው። ነጩ እንደ ጥጥ እየተጠቀለለ ወደ ላይ ወጣ።

ወርዶ የሚጠለል መስሎኝ ወንፊቱን ላቀብል ስል ከለከሉኝ። መፍላት አለበት። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ነገር ፓፓያ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ኢንዛይም ነው፤ ፕሮቲኑን ይቆርጣል። በደንብ ፈልቶ ካልሞተ ሥራውን ይቀጥላል፣ አይቡም ይመራል። ቅጠሉ ሲበዛም እንዲሁ መራራ ነው። ኢና ይህን ኢንዛይም አይሉትም። «ቅጠሉ ካልተኛ አይቡን ይበላዋል» ነው ያሉት። ማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ከዚያ በጭልፋ እያወጡ ትንንሽ የተሸመኑ ቅርጫቶች ውስጥ ሞሉት። አይጫኑትም፤ በራሱ ክብደት ይንጠፈጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ገለበጡትና በሌላ ጎኑ አስቀመጡት። ከአሥሩ ሊትር አራት ክብ ወጣ፣ ሁለት ኪሎ ቢሞላ ነው። አጓቱን ልጆቹ ጠጡ፣ የተረፈው ለውሻና ለጥጃ።

ትኩሱን ቆርሰው ዘረጉልኝ። ዓርብ። አስተርጓሚዬ «ትጾማለች» ሲላቸው ኢና እጃቸውን መለሱ፤ ምንም አልተከፉም። ረመዳንን እያነሱ ከልጃቸው ሚስት ጋር ረጅም ወሬ ያዙ። የኔን ድርሻ በቅል ከድነው፣ ነገ ትበላለች ብለው፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ሰቀሉት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ጠዋት የትናንቱን አይብ እንደገና በጨው ውኃ አፈሉት። ፍሪጅ የለም። በየቀኑ አንድ ጊዜ ካፈሉት ብዙ ቀን ይቆያል፣ በፈላ ቁጥርም ይጠነክራል።

ለገበያ የሚሄደው ደግሞ ይቀላል። ቅጠሉ የማሽላውን አገዳ የሚያቅፍበት ደረቅ ሽፋን አለ፤ ለዚህ የሚሆን ጥቁር ቀይ የማሽላ ዓይነት ይዘራሉ። ሽፋኑን ሰባብረው ሲያፈሉት ውኃው የወይን ጠጅ መሰለ። አይቦቹ ገብተው መጀመሪያ ሮዝ፣ ከዚያ እንደ ሸክላ ቀይ ሆኑ። ገዢ ቀዩን ይወዳል። ጋናዎች ዋቼ የሚሉትን የሩዝና የአደንጓሬ ምግብ የሚያቀሉትም በዚሁ ሽፋን ነው።

ረፋዱ ላይ ከኒኪ አንዲት ነጋዴ በሞተር መጣች። ኢና ቀዮቹን ቆጥረው ሰጡ፣ ብሩን ቆጥረው ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩ። ልጃቸው እዚያው ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ከብቱ የወንዱ ነው፣ ወተቱና ከወተቱ የሚመጣው ብር የሴቷ። በዚህ ብር ነው ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ መድኃኒትና ደብተር የሚገዛው። እኛም ጋ የቅቤና የአይብ ብር የእናት ነበር፤ የኔ ዩኒፎርም ከዚያ እንደመጣ አውቃለሁ።

ምሳ። ቦዬ ተቀቅሎ በትልቅ ሙቀጫ ተወቀጠ። ሁለት ሴቶች ዘነዘናውን እየተቀባበሉ ነው የሚወቅጡት፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ባሪባዎች ሶኩሩ ይሉታል። ከጎኑ የለውዝ ወጥ፣ ወጡ ውስጥ የኔ የትናንት አይብ፣ በዘይት ተጠብሶ። ኢና ትልቁን ቁራሽ ራሳቸው ወደ እኔ ገፉት።

ምሬት የለውም። ምንም። ጣፈጥ ይላል፣ የጭስ ሽታ ትንሽ አለው፣ በለውዙ ተሸፍኖ ሲጎረስ ሙሉ ምግብ ነው። ያ ልጅ ሆኜ ስሸሸው የኖርኩት ቅጠል ያረጋው ነው። አልቅሼ እንዳላስቸግራቸው ውኃ ጠጣሁ።

እሑድ ወደ ደቡብ ተመለስኩ። ዊዳ ወርጃለሁ፤ እሱን ለብቻው እጽፋለሁ።

አዲስ አበባ፣ እሑድ፣ ጳጉሜ 2

እናቴ ለእንቁጣጣሽ ከመተሐራ መጥታለች። ዛሬ አምስት ሊትር ወተት አስመጥቼ ዋጋሲ ሠራሁላት። በቶብያ አይደለም። ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። የኢና አራት ቅጠል የኢና ድስት፣ የኢና ወተትና የአርባ ዓመት እጅ ነው። እኔ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በመርዝ ላይ ልክ አልገምትም።

በሎሚ ነው የሠራሁት። ወተቱን ከነቅባቱ አፈላሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ እና ከፈላ በኋላም ጥቂት ደቂቃ ትንሽ እሳት ላይ አቆየሁት። ለአንድ ሊትር የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ ቀስ ብዬ እያማሰልኩ። አጓቱ ጥርት ሲል አቆምኩ። በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ጨው ነሰነስኩበት፣ ወንፊት ላይ ትንሽ ክብደት ጭኜ ሁለት ሰዓት ተውኩት። ኪሎ አልሞላም። እንደ ኢና አይብ አይለጠጥም፣ ሲቆረጥም ጠርዙ ይፈረፈራል። ግን ሲጠበስ አይቀልጥም፤ በቀይ ሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ወጥ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ቅርጹን ያዘ። ሲጠበስ ዘይቱ በደንብ ይጋል፣ ቁራጩም ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ይፈናጠራል። አንዱ ጎን ቡናማ ሳይሆን አትገልብጡት፣ ይያያዛል።

እናቴ በእንጀራ ጠቅልላ አንዴ ቀመሰች፣ ሁለተኛ ጎረሰች። ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ አሳየኋት። ኢና ቅጠሉን ሲቀነጥሱ ስታይ መብላት አቆመች። «ፍየል እንኳ ቸግሯት ካልሆነ የማትነካውን!» አለች። ቪዲዮው ሲያልቅ እንደገና አስጀመረችው። ልጅቷ የተባረረችበት ቦታ ላይ አስቆመችው።

«እጃቸውን ታጥበዋል ግን?» አለችኝ።

«በአመድ። ሁለት ጊዜ። እስከ ክርናቸው።»

«ጎበዝ» አለች፤ እሳቸውን ነው። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ አስጠጋች።